ቅልጥሜን ያመኛል፤ ጫማ ልቀይር?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር ወንድማችን ሩጫ ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን አስፋልት ላይ ይሮጣል፤ ጫማውን ከከተማው ታይዋን ገበያ ሰልባጅ ነው የገዛው፤ አሁን ሁለቱም ቅልጥሙ በውስጥ በኩል ያመዋል። ጫማ ልቀይር? ብቀይርስ ምን ልግዛ? ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አጥንትህን እንይ። ከቁርጭምጭሚትህ በላይ ጀምረህ የቅልጥምህን የውስጥ ጠርዝ በአውራ ጣትህ እየተጫንክ ውጣ። ሕመሙ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ካገኘኸው አጥንቱን የለበሰው ሽፋን ተቆጥቷል ማለት ነው፤ ጀማሪ ላይ የተለመደ ነው። አንዲት ሳንቲም በምትሸፍነው ቦታ ብቻ ተሰብስቦ ካስጮኸህ፣ ተኝተህም ከጠዘጠዘህ፣ በአንድ እግርህ መዝለል ካቃተህ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን ዛሬውኑ አቁመህ ሐኪም ጋ ሂድ። ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ "ራጁ ንጹሕ ነው" ስለተባልክ በማግስቱ እንዳትሮጥ።

የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ዋናው ጥፋተኛ ጫማው አይመስለኝም። አጥንት ከሳንባ ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው፤ ትንፋሽህ ሲከፈትልህ ቅልጥምህ ገና ወደኋላ ነው። በዚያ ላይ ከደንገጎ ዳገት በኩል ቁልቁል መሮጥ ካለበት ሸክሙ ይብሳል። አስፋልት ይቅር ብለህ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ብትወርድ ደግሞ ቅልጥምህ ዕረፍት ሲያገኝ ባትህና የተረከዝህ ጅማት ይከፍላሉ። በክረምት እዚያ መሮጥ ጭራሽ አይታሰብ፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወድቅ ከተራራው ጎርፍ ይመጣል፤ የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ የሚረሳ ድሬ ላይ የለም።

ወደ ጫማው ስንመጣ፣ ሰልባጅ በራሱ ነውር የለበትም። ችግሩ ሰው የሚያየው የታች ጎማውን ነው። ጥርሱ ስላልተበላ "አዲስ ነው" ይላል፤ የሚሞተው ግን መሃል ያለው ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ 500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ ባይሮጥበትም በዕድሜና በሙቀት ይደርቃል። ጎኑን በአውራ ጣትህ ተጫነው፦ ገብቶ ቶሎ መመለስ አለበት። እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም አግድም የተሸበሸበ መስመር ከበዛበት ተወው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከኋላው ተመልከት፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ ታትሞበታል፣ አንተንም ወደዚያው ይጥልሃል። ስታጥፈው ጣቶችህ በሚታጠፉበት በኩል ይታጠፍ፤ ወገቡ ላይ ከተሰበረ አይሆንም። ምላሱ ውስጥ ያለውን ጽሑፍም አንብብ፣ ብዙዎቹ ላይ የተመረተበት ወርና ዓመት አለ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም፦ ሊስትሮ ዙሪያውን በክር የሰፋው ጫማ። ለመንገድ ይሆናል። ለሩጫ ግን ክሩ ስፖንጁን ጨምቆ ይይዘዋል፣ መርፌው የበሳው ቀዳዳ ደግሞ እየሰፋ ይቀደዳል። የተላቀቀ ጫፍ ካለው ማስቲሽ ይበቃዋል።

ቁጥሩን "42 ነኝ" ብለህ አትግዛ፤ 42 ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ማታ፣ እግርህ በሙቀት አብጦ ሳለ፣ ተረከዝህን ግድግዳ አስነክተህ ወረቀት ላይ ቁምና ከረጅሙ ጣት ጫፍ ድረስ ለካ። ከሁለቱ እግር የረዘመውን ያዝ። እሱ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምረህ ምላሱ ላይ በሳንቲ ሜትር ከተጻፈው ጋር አስተያየው። የውስጡን ሶል አውጥተህም ቁምበት፤ እግርህ በጎን ከፈሰሰ ጠባብ ነው። ጥፍር የሚያጠቁረው በአብዛኛው ማጠር ነው።

ሻጭ "ውስጥ እግርህ ጠፍጣፋ ስለሆነ ይሄኛው ነው የሚሆንህ" ቢልህ ብዙ አትስማው። በውትድርና ምልምሎች ላይ በእግር ቅርጽ ጫማ መርጦ መስጠት ተሞክሮ ጉዳቱን እምብዛም አልቀነሰም። ሮጥ ሮጥ ስትልበት የሚመችህን ውሰድ። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 የበርሊን ማራቶንን በ2:11:53 የገባችበት ዓይነት እጅግ ቀላል ጫማም አያስጎምጅህ፤ አንዱ እግር 138 ግራም ነው፣ የተሠራውም ለአንድ ማራቶን ያህል ነው። ከአስመስሎ የተሠራ "አዲስ" ይልቅ ስፖንጁ ያልሞተ ኦርጅናል ሰልባጅ ይሻልሃል።

ወደ ሩጫ ስትመለስ እንዲህ አድርግ፦ 30 ደቂቃ በፍጥነት ተራምደህ ሳያምህ እስኪቀር ሩጫ የለም። ከዚያ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ አሥር ዙር፣ ቀን ዘለህ። በማግስቱ ጠዋት ካላመመህ የሩጫውን ደቂቃ ጨምር፤ ካመመህ ወደ ቀድሞው ተመለስ። በመሃሉ በጣት ጫፍ መነሳት 3 ጊዜ 15፣ አንዴ ጉልበትህን ዘርግተህ አንዴ አጠፍ አድርገህ። እርምጃህን ደግሞ አሳጥር፦ ቀኝ እግርህ በ30 ሰከንድ ስንቴ እንደሚያርፍ ቁጠርና በ4 አባዛ፣ የሁለቱም እግር የደቂቃ እርምጃ ይሆናል፤ 160 ከመጣ 168 አድርሰው።

ጫማውን ካጠብከው ቆርቆሮ ላይ አታስጣው። የድሬ ፀሐይ ማስቲሹን ያላቅቀዋል፣ ስፖንጁንም ያኮማትረዋል፤ ጋዜጣ ጠቅጥቀህበት ጥላ ውስጥ ይድረቅ።