ላሞቼ ሸንኮራ እየበሉ ወተታቸው ለምን ቀነሰ?

ከባሕር ዳር አጠገብ፣ ከወራሚት አካባቢ አንድ አባወራ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «ሁለት ድቅል ላሞች አሉኝ። ዘንድሮ የሸንኮራ ገበያው ስለቀዘቀዘብኝ፣ ከጥር ወዲህ አገዳውን እየከተፍሁ ለላሞቹ እሰጣለሁ። እንደ ጉድ ይበሉታል። ግን 9 ሊትር ትሰጠኝ የነበረችው አሁን 6 ላይ ናት፤ ከስታለችም። ጎረቤቴ ዩሪያ ጨምርበት ይለኛል። ልጨምር ወይስ ሸንኮራውን ልተወው?»

ጋሼ፣ ሸንኮራውን አይተዉት። ዩሪያውን፣ ማለትም ፕሮቲን ይተካል ተብሎ መኖ ላይ የሚጨመረውን ማዳበሪያ፣ ግን ለጊዜው ይቆዩ። ምክንያቱን ላስረዳዎ።

አገዳ ስኳር አለው፤ ስኳር ደግሞ ጉልበት ነው። ነገር ግን ያንን ስኳር ቀድመው የሚበሉት በላሟ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። እንዳለ ወደ ደሟ አይገባም፤ እነሱ ወደ አሲድ ይለውጡታል። ላሟ ወተት ለመሥራት ግሉኮስ ያስፈልጋታል። ጉበቷ ግሉኮሱን በብዛት የሚሠራው ከእነዚያ አሲዶች ከአንዱ፣ ከፕሮፒዮኔት ነው። አገዳ ደግሞ እሱን የሚሰጣት በቂ አድርጎ አይደለም። ስለዚህ ሸንኮራ ብቻ የምትበላ ላም ጣፋጭ እየበላች ስኳር ያጥራታል።

በዚያ ላይ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ውሃው ወጥቶ ቢመዘን፣ ከ100 ኪሎ አገዳ ውስጥ ፕሮቲኑ 3 ኪሎ ቢሆን ነው። እንደ እርስዎ ላም ላለች ግን ከ100 ኪሎ ደረቅ መኖ ቢያንስ 12 ኪሎው ፕሮቲን ሊሆን ይገባል። ቃጫውም ቶሎ አይፈጭም፤ ሆዷን ይዞ ይቆያል። ሆዷ ሞልቶ ያዩታል እንጂ አልጠገበችም። የጎደለውን ከገላዋ እያወጣች ትታለባለች። መክሳቷ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ይህ በእርስዎ ቤት የተጀመረ ችግር አይደለም። ቶማስ ፕሬስተን የሚባል ተመራማሪ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኩባ፣ በኋላም ሜክሲኮ ውስጥ ከብት በሞላሰስና በሸንኮራ ሲመግብ ኖሯል። አገዳና ዩሪያ ብቻ ሲሰጥ ከብቶቹ እምብዛም አላደጉም። ከሩዝ መፈተጊያ የሚወጣው ብናኝ (የሩዝ ፉርሽካ) ሲጨመር ግን ለውጡ በግልጽ ታየ። ብናኙ ውስጥ ያለው ስታርችና ፕሮቲን በከፊል ከጨጓራዋ ተሕዋስያን አምልጦ ወደ አንጀቷ ይደርሳል። እኔ ይህን ባነበብሁ ቁጥር ሩዝ አብቃዩ ፎገራ ትዝ ይለኛል። ፕሬስተን የፈለገው ነገር እዚያው ወረታ ወፍጮ ቤቶች ደጃፍ ላይ ተቆልሏል!

አሁን ወደ ገንዳው እንምጣ። 400 ኪሎ ገደማ ለምትመዝንና ከ8 እስከ 9 ሊትር ለምትታለብ ላም በቀን ይህን ይሞክሩ። የተከተፈ አገዳ ከነጫፉ 20 ኪሎ። የደረቀ ሣር ወይም የጤፍ ጭድ 3 ኪሎ። የኑግ ፋጉሎ 1 ኪሎ ተኩል። የሩዝ ወይም የስንዴ ፉርሽካ 2 ኪሎ። ሰስባኒያ የሚባለው የመኖ ዛፍ እርጥብ ቅጠል 5 ኪሎ ያህል፤ ከሌለ ፋጉሎውን ወደ 2 ኪሎ ተኩል ከፍ ያድርጉት። ጨው ወይም ቦሌ (ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር) አይጥፋ፤ ውሃ ሁልጊዜ ይኑር። ለውጡን በአንድ ቀን ሳይሆን በ2 ሳምንት ቀስ እያሉ ያድርጉት።

የሩዙን ፉርሽካ ሲገዙ በእጅዎ ዘግነው ይዩት። ቅርፊት የበዛበት ከሆነ ገንዘብዎን አያጥፉ። ዘይት ስላለው ቆይቶ ይበላሻል፤ የሚሸትም አይግዙ። ፋጉሎው ሻጋታ ካለው ደግሞ በነፃ ቢሰጥዎም አይውሰዱት። የሻጋታው መርዝ በወተቱ አልፎ ለልጆችዎ ይደርሳል።

አገዳውን የዕለቱን በዕለቱ ይቁረጡ። ተከትፎ ያደረ ይፈላል፣ ስኳሩም ወደ አልኮልነት ይለወጣል። በደንብ አድቅቀው ይክተፉት፤ ረዥም ቁራጭ መጥጣ ትተፋዋለች። የሸንኮራ ትልቁ ጥቅም ሌላው ሣር በሚደርቅበት በጋ ስኳሩ የሚጨምር መሆኑ ነው። እማሳው ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል፤ ማጨድና መከመር የለም።

ስለ ዩሪያው። ፋጉሎና ሰስባኒያ ካለ ለሚታለብ ላም የግድ አይደለም። ፋጉሎ ጠፍቶ የግድ ቢሆን እንኳ ለ100 ኪሎ እርጥብ አገዳ ከ1 ኪሎ አይበልጥም፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሹ ብቻ። በውሃ ሟሙቶ በሁሉም ላይ እኩል ይረጫል እንጂ በደረቁ አይነሰነስም። በገንዳው ውስጥ የዩሪያው ውሃ እንዳይጠራቀም ይጠንቀቁ፤ ያንን የጠጣች ላም ልትሞት ትችላለች። ለተራበ ከብት፣ ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ፣ ለአህያና ለፈረስ በጭራሽ አይስጡ። ላሟ ከተንቀጠቀጠች፣ አረፋ ከደፈቀች፣ ሆዷ ከተነፋ መኖውን ወዲያው ያንሱ። ከ2 እስከ 4 ሊትር አቼቶ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ትን እንዳይላት ቀስ ብለው ያጠጧት፤ ሐኪምም ይጥሩ። ይህን ሁሉ ለመጠበቅ ሰው ከሌለዎት ዩሪያ ቤትዎ አይግባ።

አንድ ነገር ልጨምር። በበጋ ሣር ሲጠፋ ብዙ ሰው ከብቱን ወደ ጣና ረግረግ ዳር ይነዳል። የጉበት ትል የሚገኘው እዚያ ነው። አገዳው ላሞቹን እቤት ካስቀመጠልዎ ይህም አንድ ጥቅም ነው። እስከ ዛሬ ረግረጉ ላይ ይውሉ ከነበረ ግን መክሳቷ ከትሉም ሊሆን ስለሚችል ያስመርምሯት።

ወተቱን ጠዋትና ማታ እየለኩ 3 ሳምንት ይመዝግቡ። ካልተሻሻለ መዝገቡን ይዘው አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ብቅ ይበሉ፤ ሩቅ አይደለም። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ በሸንኮራው ድንበር ዙሪያ ሰስባኒያ ይትከሉ።