አዳማ ላይ የሚሸጥ ላውንደሪ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ጠይቁኝ

ሥራዬ የማጠቢያና የማድረቂያ ማሽን ጥገና ነው። ሰሞኑን «የሚሸጥ ላውንደሪ ከነሙሉ ዕቃውና ከነደንበኛው» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል፤ ሰውም ማሽኑ ሲያብረቀርቅ አይቶ ቀብድ ይከፍላል። አሳስቦኝ ነው የመጣሁት። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ የስድስት ወር የውሃና የመብራት ቢል ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

የፍራንኮ ልጅ፦ ጋሼ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ አግኝቻለሁ። ባለቤቱ «በቀን 40 ዙር አጥባለሁ» ይላል። እውነቱን በምን ልወቅ?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ደብተሩን አትመን፣ ደብተር በአንድ ሌሊት ይጻፋል። ቆጣሪውን እይ። 10 ኪሎ የሚይዝ ከፊት የሚከፈት ማሽን ለአንድ ዙር 80 ሊትር ያህል ውሃ ይወስዳል እንበል። 40 ዙር በቀን 3,200 ሊትር ነው፤ በ26 የሥራ ቀን ሲባዛ 83 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። ቢሉ ላይ 30 ሜትር ኩብ ካየህ ሰውዬው የሚያጥበው በቀን 14 ወይም 15 ዙር ነው። «የቀረውን በቦቴ ነው የማስመጣው» ካለህ የቦቴውን ወጪ የት እንደመዘገበ ጠይቀው፤ ትርፉን የሚበላው እሱ ነው።

መብራቱንም እንደዚሁ አስላ፣ ግን ብሩን አታወዳድር። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተደረገ ሥራው ቀዝቅዞም ሂሳቡ ሊያድግ ይችላል። ኪሎዋት ሰዓቱን ተመልከት። ቆጣሪው የዚያ ቤት ብቻ መሆኑንም አረጋግጥ፤ ከጎረቤት ሱቅ ጋር የሚጋራ ከሆነ ቁጥሩ ምንም አይነግርህም።

እናት ሁለት፦ ባጠቃላይ በስንት ብር ይገኛል?

መልስ፦ ስንት ማሽን ያለው? የት ሰፈር? ኪራዩ ስንት የሆነ? ይህን ሳትነግሪኝ ቁጥር ብጠራልሽ ማታለል ነው የሚሆንብኝ።

ከዳላስ፦ እዚህ አሜሪካ ደንበኛው ራሱ ሳንቲም ከትቶ ያጥባል፣ ሠራተኛ አያስፈልግም። አዳማ ላይ ባመጣውስ?

መልስ፦ በሱ አልመክርህም፣ ሠርቼበት አላውቅም። እኛ ጋ ደንበኛው ታጥቦና ተተኩሶ መረከብ ነው የሚፈልገው። የካውያ ሠራተኛ ደመወዝ ሳታስገባ ሂሳብ አትሥራ።

አዲስ ገቢ፦ ያገለገሉ ማሽኖች ናቸው። ምናቸውን ልይ?

መልስ፦ ባዶውን ከበሮ ከውስጥ ይዘህ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቀው። ከተንገጫገጨ ከበሮው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። ቀጥለህ ባዶውን ጭመቅ ላይ አስነሳውና ጆሮህን ስጥ፤ እየጨመረ የሚሄድ ጉርምርምታ ከሰማህ ያው ኩሽኔታው ነው። የቤት ማሽን ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ የፕላስቲክ ገንዳቸው ተበይዶ የተዘጋ ስለሆነ ኩሽኔታውን ብቻ መቀየር አይቻልም፣ ገንዳው እንዳለ ይቀየራል። የቤት ማሽን ደርድሮ «ላውንደሪ» የሚል ሻጭ ላይ ዋጋ አውርዱ።

የጭመቁ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ማድረቂያው ከልብሱ አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን ቢያንስ 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በደንብ ተጨምቆ 6 ሊትር ውሃ ይዞ መውጣት የነበረበት ልብስ 10 ሊትር ይዞ ከወጣ፣ በየዙሩ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት በከንቱ ትከፍላላችሁ። ልብሱን ሳይታጠብ መዝኑት፣ ታጥቦ ሲወጣም ሚዛን ላይ አውጡት፤ ልዩነቱ የያዘው ውሃ ነው።

የናዝሬት ፀሐይ፦ ማድረቂያ ለምን አስፈለገ? ናዝሬት ላይ ልብስ አስጥቶ ዞር ሳይሉ ይደርቃል።

ባለ ሆቴል፦ አቧራውንስ? ነፋስ የተነሳ ቀን ነጭ አንሶላ አስጥተህ ታውቃለህ? ድጋሚ ነው የሚታጠበው።

የናዝሬት ፀሐይ፦ እናቶቻችን ሲያሰጡ ኖረዋል እኮ።

ባለ ሆቴል፦ እናቴ ለሆቴል አላጠበችም። ሐምሌና ነሐሴስ ምን ልታደርግ ነው?

ሐይቅ ዳር፦ እኔ ሐዋሳ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ቱሪስቱም...

መልስ፦ ሐዋሳን ሌላ ጊዜ። ሁለታችሁም ግን ልክ ናችሁ፤ የሰፈር ልብስ በፀሐይ ይሄዳል፣ የሆቴል አንሶላ አይሄድም። ቢሉን አይታችሁ ግን ነው፣ ደግሜ እላለሁ።

ባለ ሆቴል፦ የምገዛው ቤት የሆቴል ኮንትራት አለው ተብያለሁ።

መልስ፦ በጽሑፍ ነው? በማን ስም? ከሻጩ ጋር በቃል ከሆነ ሻጩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የአዳማ ሆቴሎች ሥራቸው ስብሰባና ሥልጠና ስለሆነ አንሶላውና ፎጣው በአንድ ቀን ይጎርፍና ሳምንቱን ጭር ይላል። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ቤት ከሆነ ነጩን ጨርቅ አይተህ ግዛ። ብረት ያለበት ውሃ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል፤ በረኪና ሲጨመርበት ይብስበታል፣ ክሎሪኑ ብረቱን አዝገቶ ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል። ሠራተኛው የበለጠ በረኪና ያፈስበታል፣ አንሶላው ይበሰብሳል፣ ሆቴሉ ካሳ ይጠይቃል።

ገዢ 7፦ ግብርስ?

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ ጠይቅ። ክሊራንስ፣ ማለትም ሻጩ የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳየውን ወረቀት፣ ሳታይ ግን አትፈርም፤ የሻጩ ዕዳ ወደ አንተ ሊመጣ ይችላል።

ገዢ 7፦ የቤት ኪራይ አዋጁ ይጠብቀኝ የለ?

መልስ፦ አይጠብቅህም። አዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ነው፣ ሱቅን አይመለከትም። ከሻጩ በፊት አከራዩን አግኝና በስምህ ውል ያዝ። ሦስት ፌዝ አስገብተህ፣ ሮቶ ሰቅለህ፣ ቧንቧ ዘርግተህ በዓመትህ «ልቀቅ» ብትባል ማሽኑን ይዘህ የት ትገባለህ?

አዲስ ገቢ፦ በአጭሩ አዋጪ ነው ወይስ አይደለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ። ቢሉን ያየኸው ቤት ሊያዋጣ ይችላል፣ ያላየኸውን እኔም አላውቀውም።

እናት ሁለት፦ ቀብድ ሰጥቼ ብተወውስ?

መልስ፦ የሰጠ ሲተው ይቀርበታል፣ የተቀበለ ሲያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ሕጉ ይኸው ነው። ለዚህ ነው አትቸኩሉ የምለው። ሻጩ በዚያው ሰፈር ሌላ ላውንደሪ እንዳይከፍትም ውሉ ላይ ይጻፍ።

የፍራንኮ ልጅ፦ ጋሼ፣ አሁን ደወልኩለት። ቢሉ ጠፍቶበታል አለኝ።

መልስ፦ በደንበኛ ቁጥሩ ከውሃ አገልግሎትም ከመብራትም ይወጣል። አብሮህ ሄዶ ያስወጣ። አልሄድም ካለ ሌላ ቤት ፈልግ።