«ነገ ይሻለዋል» ለምትሉ ቡችላ አሳዳጊዎች

ልጆቼ፣

ከካራ ወደ ለገጣፎ ስትሄዱ መንገድ ዳር ቡችላ በካርቶን ይዘው የሚሸጡ ልጆች አሉ። «ሁለት ወር ሞልቶታል፣ ተከትቧል» ይሏችኋል። አፉን ከፍታችሁ እዩ። የወተት መንጋጋ ጥርሱ ገና ካልወጣ ሁለት ወር አልሞላውም፣ ከእናቱ ያለጊዜው ነጥቀውታል።

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈር ልጅ ቡችላውን በጃኬቱ ጠቅልሎ ወደ እንስሳት ሕክምናችን መጣ። «ጋሼ፣ ትናንት ማታ ነው ያመመው» አለኝ። የልጁ እናት ስትደውልለት ነገሩ ወጣ፤ ቡችላውን ከሐሙስ ጀምሮ ያስመልሰው ነበር። ቅዳሜ ነበር። የቡችላውን የማጅራት ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ፤ ፈሳሹ አልቋል ማለት ነው። ድዱ ነጭና ደረቅ ነው። ሽታውን ደግሞ አንዴ ያሸተተ አይረሳውም። ፓርቮ፣ የቡችላን አንጀት የሚመታው የቫይረስ በሽታ። ግሉኮስ ሰካንለት፣ ግን ማታውን አላለፈም።

ፓርቮ ከእኔ ያንሳል፤ ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የአንጀቱን ሽፋን ይልጠዋል፣ ነጭ የደም ሴል የሚመረትበትን መቅኔም ይመታል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት በእጃችን የለም። የምናደርገው የፈሰሰውን ፈሳሽ መተካትና በተላጠው አንጀት ወደ ደም የሚገባውን ባክቴሪያ መከላከል ነው። ለዚህ ደግሞ ሰዓት ያስፈልገናል። እናንተ ሰዓቱን በነጭ ሽንኩርት ትጨርሱታላችሁ! ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። አይቡፕሮፌን የሚሰጡም አይቻለሁ፤ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ነው የሚጨርሱት።

ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ይጀመራል፣ በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። አንዴ መከተብ የማይበቃው ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው። የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወሩ። ሆዱ የተነፋ ቡችላ ጠግቦ አይምሰላችሁ፣ ወስፋት ነው፤ ገና በእናቱ ማህፀን ይይዘዋል። ስለዚህ የትላትል መድኃኒት በሁለት ሳምንቱ ይጀመራል። ዓይናር፣ ንፍጥና ሳል ካየሁ ዲስተምፐር የሚባለውን ሌላ የውሻ ቫይረስ እጠረጥራለሁ። በኋላ መንጋጋው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ተስፋው ጠባብ ነው። ቡችላም ቢሆን ከነከሳችሁ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የራሴንም ጥፋት ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ቡችላዋ በፓርቮ የሞተባት ጎረቤቴ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። በወሩ ከውሻዬ ልጆች አንዱን ሰጠኋት። ግቢው ያው ግቢ፣ አፈሩም ያው አፈር። በሳምንቱ ያኛውም ሞተ። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ እንደሚቆይ ተምሬያለሁ፤ ያን ዕለት ግን አላሰብኩትም። ሲሚንቶ ከሆነ ታጥቦ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ይፈስበታል። አፈርን ግን በምን ታጥበዋለህ?

ያ ጃኬት የለበሰው ልጅ በቀደም ተመልሶ መጣ። ሌላ ቡችላ አግኝቷል፣ በርካሽ። «ግቢያችሁ ሲሚንቶ ነው?» አልኩት። አፈር ነው። «እንግዲያው ከዓመት በላይ ጠብቅ፣ ወይ ክትባቱን የጨረሰ ትልቅ ውሻ ውሰድ» አልኩት። ከፍቶት ሄደ።