ጥያቄና መልስ፦ ፍላሽ ላይ አልነሳ ያለው ፕሮግራም

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የሠራተኛ ደመወዝ የሚያሰላ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌ፣ ግቢ ላብ ውስጥ ኮምፓይል አድርጌ (ኮዱን ወደሚነሳ ፕሮግራም ቀይሬ) በፍላሽ ቤት ይዤው መጣሁ። ላፕቶፔ ላይ ያለው ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ነው። ላስነሳው ስል «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ ተከልክሏል) ይለኛል። የፋይል ፈቃድ በሚቀይረው ትእዛዝ፣ በሲኤችሞድ፣ 777 ሰጠሁት፤ ያው ነው። በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ጓደኞቼ ፎርማት አድርጊውና ወደ ዊንዶውስ ተመለሺ ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ?
ሀ. ተ.

መልስ፦ እህቴ፣ ላፕቶፑን እንዳትነኪው። ጤነኛ ነው። ፕሮግራምሽም ምንም አልሆነም። ችግሩ ፋይሉ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

እዚህ አቃቂ ሱቄ የሚመጡት ፍላሾች አብዛኞቹ ፋይል የሚያስቀምጡበት ፎርማት ፋት 32 ነው። ያንቺም እንደዚያው ይመስለኛል። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፋይል ማን እንዲያነበው፣ ማን እንዲጽፍበት፣ ማን እንዲያስነሳው ይመዘግባል። ፋት 32 ይህን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ፈቃዱ የሚወሰነው ፍላሹ ሲሰካ ነው፤ ያውም ለሁሉም ፋይል በጅምላ። ኡቡንቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማስነሳቱን ፈቃድ ይከለክላል።

በዓይንሽ እዪው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተሽ፣ ፍላሹ ውስጥ ገብተሽ «ኤልኤስ -ኤል» በይ፤ ፋይሎቹን ከነፈቃዳቸው ይዘረዝርልሻል። ከመስመሩ መጀመሪያ አር (ማንበብ) እና ደብሊው (መጻፍ) አሉ፤ ኤክስ (ማስነሳት) የለም። አሁን ሲኤችሞድ ስጪውና መልሰሽ እዪ። ስህተት ነው አላለሽም፤ ኤክስም አልመጣም። ብዙ ልጆች የሚሸወዱት እዚህ ጋ ነው። ትእዛዙ ዝም ሲል የሠራ ይመስላቸዋል። ሱዶም አያድንሽም። ሩት፣ ማለትም የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ፣ የፈለገውን ፋይል ማንበብ ይችላል፤ ኤክስ ጭራሽ የሌለበትን ፋይል ግን እሱም አያስነሳም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፋይሉን ከፍላሹ ላፕቶፕሽ ላይ ወዳለው የራስሽ ሆም ፎልደር ኮፒ አድርጊ። እዚያ ሆነሽ «ሲኤችሞድ ዩ+ኤክስ ደመወዝ» በይ፤ የፋይሉ ስም ደመወዝ ነው ብዬ ነው፣ ዩ+ኤክስ ለባለቤቱ የማስነሳት ፈቃድ ይሰጣል። ቀጥሎ «./ደመወዝ» ብለሽ አስነሺው። ነጥቧንና ስላሿን ከረሳሽ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ይልሻል፤ እሱ ከፈቃድ ጋር አይገናኝም።

ስለ 777 ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስነሳት 1 ነው፤ ሲደመር 7። ሦስቱ 7 ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለቀረው ሰው ሁሉ ናቸው። ብዙ ተማሪ በሚጠቀምበት የላብ ማሽን ላይ 777 ሰጠሽ ማለት ማንም ገብቶ ፕሮግራምሽን ይቀይረዋል ማለት ነው። ለራስሽ ብቻ ከሆነ 700፣ ሌሎችም እንዲያስነሱት ከፈለግሽ 755 ይበቃል። ነገር እምቢ ባለ ቁጥር 777 መስጠት ልማድ እንዳይሆንብሽ።

ፍላሹን ኤክስት 4 ወደሚባለው የሊኑክስ ፎርማት ቀይሪው የሚሉሽም ይኖራሉ። ፈቃዱን ይይዛል፣ እውነት ነው። ግን አሳይመንት ልታሳትሚ ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄጂ የእነሱ ዊንዶውስ አያነበውም። ፍላሽሽ እንዳለ ይቆይ።

ከዚህ በኋላ ኮምፓይል የሆነውን ሳይሆን ኮዱን ራሱን ይዘሽ ነይ። ቤትሽ ሆም ፎልደር ውስጥ በጂሲሲ (በሲ ኮምፓይለሩ) ኮምፓይል ስታደርጊው ኤክሷን ራሱ ይሰጥልሻል። ሌላም ጥቅም አለው፦ የላቡ ሊኑክስ ካንቺ አዲስ ከሆነ፣ እዚያ የተሠራው ፕሮግራም ያንቺ ላይ የሌለ የላይብረሪ (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ቨርዥን ሊጠይቅሽ ይችላል። ኮዱን ካመጣሽ ይህ ጣጣ የለም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም እምቢ ካለ፣ «ኤልኤስ -ኤል» ያወጣውን መስመርና ስህተቱን ቃል በቃል ገልብጠሽ ላኪልኝ።