ስለ ሙር ደ ሁዊ ዳገት ላነሳችኋቸው ጥያቄዎች

ስለ ብስክሌት ውድድር ዳገቶች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ ቤልጂየም ውስጥ ሁዊ ከተማ ስላለው ዳገት ነው። ደስ ብሎኛል፤ እኔም ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ርዝመቱ ስንት ነው?
መልስ፦ 1.3 ኪሎ ሜትር ብቻ። ጎበዞቹ በሦስት ደቂቃ ገደማ ይጨርሱታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምኑ ያስፈራል?
መልስ፦ ሙር ማለት ግድግዳ ነው። በአማካይ መቶ ሜትር በተሄደ ቁጥር ወደ አሥር ሜትር ከፍ ይላል። መሃል ላይ ያለው ጠመዝማዛ ደግሞ በውስጠኛው ጠርዙ 26 በመቶ ይደርሳል ይባላል። እዚያ ጋ ከኮርቻው ተነስተህ በጣም ወደ ፊት ካጋደልክ የኋላ ጎማህ ይንሸራተታል። ቁጭ ካልክ ደግሞ የፊቱ ይነሳብሃል። አስፋልቱ ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል የከተማዋ ስም ደጋግሞ ተጽፏል። አንገቱን የደፋ ጋላቢ የሚያየው እሱን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከታች ጀምሮ በኃይል ወጥቶ ማምለጥ አይቻልም?
መልስ፦ ብዙዎች ሞክረው ተቃጥለዋል። በየዓመቱ ቤልጂየም ውስጥ የሚካሄደው የአንድ ቀን ውድድር፣ ፍሌሽ ዋሎን፣ የሚያልቀው እዚሁ ጫፍ ላይ ነው። ጋላቢዎቹ ዳገቱን ደጋግመው ወጥተው፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ እግራቸው ውስጥ ይዘው ነው የመጨረሻውን የሚጀምሩት። ጠመዝማዛው ላይ ጉልበቱን የጨረሰ ሰው መጨረሻው ላይ ቆሞ ይቀራል። እኔ እንደማምነው እዚህ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት ያሸንፋል። ግን ትዕግሥቱ ከፊት ሆኖ ነው። ጠመዝማዛው ሲጀምር ሃያኛ ከሆንክ አለቀልህ፣ መንገዱ ጠባብ ነው።

ጥያቄ፦ የዳገቱ ንጉሥ ማነው?
መልስ፦ ከወንዶች ስፔናዊው አሌሃንድሮ ቫልቬርዴ፣ አምስት ጊዜ አሸንፏል። አራቱ ከ2014 እስከ 2017 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) በተከታታይ ናቸው። ለእኔ ግን ከእሱም የምትበልጠው ኔዘርላንዳዊቷ አና ቫን ደር ብሬገን ናት። ከ2015 እስከ 2021 ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አልቀደማትም! ሁሉም እንደምታሸንፍ እያወቀ ማሸነፍ ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲጥልስ?
መልስ፦ የ2024ቱን ፈልጋችሁ እዩ። ብርዱና ዝናቡ አጥንት ድረስ ይገባ ነበር። የጨረሱት 44 ወንዶች ብቻ ናቸው። ያሸነፈው ዌልሳዊው ስቴፈን ዊሊያምስ ነው፤ ሌሎቹ እየተያዩ ሳለ ቀደም ብሎ ተፈተለከ።

ጥያቄ፦ ተራ ሰው ሊወጣው ይችላል?
መልስ፦ አዎ፣ የሰፈር መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ቤት ነው፣ ዳር ዳሩን ትንንሽ የጸሎት ቤቶች አሉ። ቀላሉን ማርሽ ቀድማችሁ አስገቡ፤ ጠመዝማዛው ላይ ደግሞ ከውስጥ ጠርዙ ራቁ፣ በውጭ በኩል ይረዝማል እንጂ ይቀላል።