ያማረ ጽሑፍ ነጥብ ሲሰርቅ

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ የምርምር ድጋፍ ማመልከቻ የሚገመግም ኮሚቴ አስተባብራለሁ። አመልካቾች የሥራቸውን ፋይዳ በጽሑፍ ያብራራሉ፤ ለአንዱ ጽሑፍ አንድ ገምጋሚ ከ10 9፣ ሌላው 4 ሰጠ። ምን ዓይነት ሥልጠና ይበጃል?

መልስ፦ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ግን ንግግር ሳይሆን ልምምድ ይሁን። ስም የተሰረዘባቸው 3 የቆዩ ማመልከቻዎች ስጧቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ነጥብ ይስጥ፣ ለነጥቡ ምክንያት የሆነውን ዓረፍተ ነገርም ያስምርበት። ከዚያ ከ2 ነጥብ በላይ በተለያዩበት ላይ ብቻ ተወያዩ። ጠቡ ብዙውን ጊዜ ከቃሉ ነው፦ «ፋይዳ» ለአንዱ የታተመ ጽሑፍ፣ ለሌላው የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ ላይ ያዋለው ዘዴ ነው። ትርጉሙን መመዘኛው ላይ ጻፉት። «ከፍተኛ ለውጥ አምጥቷል» ሲባል ማን ተጠቀመ፣ የት፣ ማስረጃውስ? ብለው ይጠይቁ። የመጽሔት ኢምፓክት ፋክተርም (የመጽሔቱ ጽሑፎች በሌሎች ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር) በጓሮ በር እንዳይገባ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የተረቀቀው የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ግምገማ መግለጫ የአንድን ጽሑፍ ጥራት በእሱ አትለኩ ይላል።