ስለ ማሌዥያ ቻይኖች ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ሳሰላስል አደርኩ። ለማስተርስ ኳላ ሉምፑር ልትሄጂ ነው። «ማሌዥያ ያሉት ቻይኖች ሀብታም ናቸው፣ ግን መብት የላቸውም ይባላል፤ እውነት ነው? ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን አይችሉም? ሰው ስለዚህ ነገር በግልጽ ያወራል ወይስ ያስፈራል?» ነው ያልሽው። ከሥር አንድ ወንድማችን «ገንዘብ ካላቸው ሌላ ምን ይፈልጋሉ» ብሎ መልሶልሻል። ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገኝ እንደ እውነቱ የእሱ መልስ ነው።

እኔ ከ2012 እስከ 2019 እዚያ ኖሬያለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መጀመሪያ ተማሪ፣ ቀጥሎ የአንድ ትንሽ ድርጅት ተቀጣሪ ነበርኩ። ቼራስ በሚባል ሰፈር አንድ ቻይናዊ ቤተሰብ ጋ ክፍል ተከራይቼ ነው ዓመቶቹን የገፋሁት። አከራዬን «አንክል» ነበር የምለው። እዚያ ትልቅ ሰው ሁሉ አንክል ወይም አንቲ ነው፣ እኛ ጋሼ እና እትዬ እንደምንለው። አብዛኛውን ነገር የተማርኩት ከእሱ ጋር ማታ ማታ ሻይ ስንጠጣ ነው።

መብት የላቸውም የሚለው ትክክል አይደለም። ዜጎች ናቸው። ይመርጣሉ፣ ይመረጣሉ፣ ፓርቲ አላቸው፣ ሚኒስትርም ይሆናሉ። ከብዙኃኑ ሕዝብ ከማላዮቹ እኩል ናቸው ካልሽኝ ግን እሱም አይደለም። ነገሩ የሚገባሽ እዚያ ደርሰሽ የመጀመሪያውን ቅጽ ስትሞዪ ነው። ባንክ ሂጂ፣ ክሊኒክ ሂጂ፣ «ባንግሳ» የሚል መስመር አለ። ዘር ማለት ነው። ከፊቱ አራት ሳጥን አለ፦ ማላይ፣ ቻይና፣ ህንድ፣ ላይን-ላይን። ላይን-ላይን «ሌሎች» ማለት ነው፤ የእኔና የአንቺ ሳጥን እሷ ናት። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር እያየን ላደግን ሰዎች ይሄ ብዙ አያስደነግጥም። እኔን የገረመኝ ያቺ ሳጥን የምትወስነው ነገር ብዛት ነው።

ማላዮችና የሳባህና የሳራዋክ (ቦርኒዮ ደሴት ላይ ያሉ ሁለት ክልሎች ናቸው) ነባር ሕዝቦች «ቡሚፑትራ» ይባላሉ፤ የምድሪቱ ልጆች እንደማለት። ቻይኖቹ በ2020 ቆጠራ ከዜጎች 23 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ1957፣ ማላያ (አገሪቱ ያኔ የምትጠራበት ስም ነው) ነፃ ስትወጣ፣ 37 በመቶ ገደማ ነበሩ። ብዙዎቹ ቅድመ አያቶቻቸው ቆርቆሮ ማዕድን ሊቆፍሩ የመጡ ናቸው። በነፃነት ጊዜ መሪዎቹ ተደራደሩ። ቻይኖቹና ህንዶቹ ዜግነት አገኙ፣ ማላዮቹ ደግሞ ልዩ ቦታቸው በሕገ መንግሥት ተጻፈላቸው። አንቀጽ 153 የሚባለው እሱ ነው። የመንግሥት ሥራ፣ ስኮላርሺፕ፣ ፈቃድ ላይ ኮታ ይፈቅዳል። ያው አንቀጽ የሌሎቹም ሕጋዊ ጥቅም ይጠበቅ ይላል፤ ይሄንን ግማሽ ግን ብዙ ሰው አያነሳውም።

ከዚያ ግንቦት 13 ቀን 1969 መጣ። ምርጫው ከተካሄደ ከሦስት ቀን በኋላ ኳላ ሉምፑር ውስጥ ማላዮችና ቻይኖች ተጋደሉ። የመንግሥት ቁጥር 196 ሰው ሞተ ይላል። ፓርላማው እስከ 1971 ተዘጋ። ሲከፈት «አዲስ የኢኮኖሚ ፖሊሲ» የሚባለው መጣ፤ የቡሚፑትራ የኩባንያ ድርሻ በ1990 30 በመቶ ይድረስ የሚል። በዚያው በ1971 ሕጉ ተሻሽሎ የማላዮችን ልዩ ቦታ፣ ብሔራዊ ቋንቋውን፣ የዜግነቱን ጉዳይ ጥያቄ ውስጥ ማስገባት ወንጀል ሆነ። ፓርላማ ውስጥ ቆሞ መናገር እንኳን ሳይቀር።

በወረቀት እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ።

የአንክል ትንሹ ልጅ የመጀመሪያው ዓመቴ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ፈተናውን ወሰደ። ጎበዝ ነው፣ ያለማቋረጥ ያነባል። ከዚያ በኋላ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገቡ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው «ማትሪኩሌሽን» ነው (የኛን ማትሪክ እንዳታስቢ)፤ አጠር ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ወጪውን መንግሥት የሚችለው። ያኔ ከመቶው ቦታ ዘጠናው ለቡሚፑትራ ነበር። ሁለተኛው ረዘም ያለና እጅግ ከባድ የሚባል ፈተና አለው። ልጁ ለመጀመሪያው አመለከተ፣ አላገኘም። ኮምፒውተሩ ላይ ውጤቱን ሲያይ አጠገቡ ነበርኩ። ምንም አላለም። ስክሪኑን ዘግቶ ምሳ ሊበላ ወረደ። አንክል ግን የዚያን ቀን ማታ «ጎረቤታችን ያለው ማላይ ልጅ ገብቷል፤ እሱም ጥሩ ልጅ ነው፣ በእሱ አልናደድም» አለኝ። ቆይቶ «በማን እንደምናደድ ነው ያላወቅኩት» አለ። ልጁን የግል ዩኒቨርሲቲ አስገባው፤ መኪናውን ሸጦ።

«ገንዘብ ካላቸው» ላልከው ወንድሜ፣ አንክል የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነበር። የማሌዥያ ትልልቅ ባለሀብቶች ዝርዝር ላይ የቻይና ስም መብዛቱ እውነት ነው። ያ ግን ለአንክል ምንም አልፈየደለትም። አዲስ አፓርታማ ሲሸጥ የዋጋ ወረቀቱን አይተሽ ታውቂያለሽ? እዚያ ሁለት ዋጋ ነው የሚታተመው፤ አንዱ የሁሉም፣ አንዱ የቡሚፑትራ። ቅናሹ እንደ ክልሉ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 በመቶ ነው። ሚሊየነር ማላይም ቅናሹን ያገኛል፣ አንክል አያገኝም። ልክ ነው ልል የምቸገረው እዚህ ላይ ነው። ድሀ ማላይ ገበሬን ማንሳት ይገባኛል። ፖሊሲው ብዙ ማላዮችን ከድህነት አውጥቶ ሐኪምና ኢንጂነር አድርጓል፤ ይሄንን ቻይኖቹም አይክዱም። ሚሊየነሩ ግን አይገባኝም።

ወደ ሥልጣኑ ልምጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን አይችሉም ወይ ላልሽው፣ የፌዴራል ሕገ መንግሥቱ የዘር ቅድመ ሁኔታ የለውም። በተግባር ግን ከ1957 ጀምሮ ሁሉም ማላይ ናቸው። ሱልጣን ባላቸው ክልሎች ደግሞ ሕጉ ራሱ ርዕሰ መስተዳድሩ ማላይና ሙስሊም ይሁን ይላል። ሱልጣን የሌላት ፔናንግ ከነፃነት ጀምሮ የሚመሯት ቻይኖች ናቸው።

አንክል የፔራክ ክልል ሰው ነው፣ የኢፖ ከተማ ልጅ። እናቱ ያደጉት «አዲስ መንደር» ውስጥ ነው። እንግሊዞች ከኮሚኒስት ሸማቂዎች ጋር ሲዋጉ፣ ከ1950 ጀምሮ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው፣ አብዛኛው ቻይና፣ ከየገጠሩ እየነቀሉ በሽቦ የታጠሩ መንደሮች ውስጥ አስገብተው ነበር። ይሄ ሰው 2008ን ሲያወራ ዓይኑ ይበራ ነበር። በዚያ ዓመት ፔራክ ውስጥ ሦስት የተቃዋሚ ፓርቲዎች አብረው ከ59 መቀመጫ 31 አሸነፉ። ዲኤፒ የሚባለው፣ ቻይኖች የሚበዙበት ፓርቲ፣ 18 አገኘ። ፒኬአር 7፣ የእስልምና ፓርቲው ፓስ 6። ርዕሰ መስተዳድር ማን ሆነ? የፓሱ ኒዛር ጃማሉዲን። 6 ወንበር ካለው ፓርቲ። 18 ያለው ፓርቲ ከቻይኖቹ አንዱን ማቅረብ አይችልማ። አንክል ግን አልተከፋም፤ «ኒዛር ጨዋ ነው፣ ቻይኖቹ ወደዱት» ይል ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሦስት አባላት ከዱና መንግሥቱ ፈረሰ። እሱ ላይ ነው የተከፋው።

ስለ ፓርቲዎቹ። ለረጅም ጊዜ የቻይኖቹ ወኪል ኤምሲኤ ነበር፣ በ1949 የተቋቋመ። ከማላዮቹ ኡምኖና ከህንዶቹ ፓርቲ ጋር ተጣምሮ አገር ሲገዛ ኖረ። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፦ ድምፅ ታመጣላችሁ፣ ሚኒስትርነት እንሰጣችኋለን፣ ነገሩን በዝግ በር እንጨርሳለን። ሰዉ በዝግ በሩ ሰለቸ። ኤምሲኤ በ2004 31 የፓርላማ ወንበር ነበረው፣ በ2018 አንድ ቀረው። ዲኤፒ በዚያው ምርጫ 42 አገኘ።

መሃል ላይ አስቂኝ ነገር ተፈጠረ። በ2013 ኤምሲኤ «ውጤታችን ከባሰ የካቢኔ ወንበር አንቀበልም» ብሎ ሕዝቡን ሊያስፈራራ ሞከረ። ሕዝቡም አባሰለት። ቃላቸውን ጠበቁና ከካቢኔ ወጡ። የእነሱ ድርሻ የነበረው የትራንስፖርት ሚኒስቴር ባለቤት አጣ። በመጋቢት 2014 ያ ኤምኤች 370 አውሮፕላን ሲጠፋ ትዝ ይልሻል? በየቀኑ ቴሌቪዥን ላይ መግለጫ የሚሰጡት ሂሻሙዲን ሁሴን መከላከያ ሚኒስትር ነበሩ፤ ትራንስፖርቱን በተጠባባቂነት ደርበው። የቦታው ታሪክ ይሄ ነው።

ድምፃቸውስ እኩል ይቆጠራል? ቻይኖቹ በብዛት ከተሜ ናቸው። የከተማ ምርጫ ወረዳ ደግሞ ጢም ያለ ነው። በ2022 ምርጫ ባንጊ የምትባለው ወረዳ ከ300 ሺህ በላይ መራጭ ነበራት፣ ሳራዋክ ያለችው ኢጋን 28 ሺህ ያህል። ሁለቱም አንድ አንድ ሰው ነው ፓርላማ የሚልኩት። የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ደግሞ ከ1965 ጀምሮ የለም። ከንቲባው በሹመት ነው።

ቋንቋን በተመለከተ፣ እውነቱን ለመናገር ከብዙ አገር ይሻላሉ። ወደ 1,300 የሚጠጉ በማንዳሪን የሚያስተምሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ መንግሥት ይደግፋቸዋል። ማላይ ወላጆች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ይልካሉ። ከዚያ በላይ ያሉትን፣ 60 የሚሆኑ ነፃ ሁለተኛ ደረጃዎች፣ ማኅበረሰቡ በመዋጮ ነው የሚያቆማቸው። እራት ተዘጋጅቶ፣ ዘፈን ተዘፍኖ፣ አዛውንቶች ፖስታ ይዘው ሲሰለፉ አይቻለሁ፤ የእኛ የቤተክርስቲያን ማሠሪያ መዋጮ ነው የመሰለኝ። ከ1975 ጀምሮ የራሳቸው መልቀቂያ ፈተና አላቸው። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል፤ በእኔ ጊዜ የገዛ አገራቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አይቀበለውም ነበር። በ2018 ያሸነፈው ጥምረት እንቀበለዋለን ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

2018ን ብዙ አነሳሁ፣ ምክንያት አለኝ። ከ44 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻይናዊ የገንዘብ ሚኒስትር ተሾመ፣ የዲኤፒው ሊም ጓን ኤንግ። ጋዜጠኞች ስለ ቻይናዊነቱ ሲጠይቁት «እኔ ማሌዥያዊ ነኝ» ነው ያለው። አንክል መልሱን ስንቴ እንደደገመው! በዚያው ዓመት ግን መንግሥቱ የተባበሩት መንግሥታትን የዘር መድልዎ ማስወገጃ ስምምነት ሊፈርም ሲያስብ ተቃውሞው አገር አናወጠ። አንቀጽ 153 ሊነካ ነው ተባለ። መንግሥቱ ወዲያው ሐሳቡን ተወው። እንደዚያም ሆኖ ታኅሣሥ 8 ቀን ነጭ የለበሱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ማላዮች ስምምነቱን ተቃውመው ነፃነት አደባባይ ወጡ። ባቡር ውስጥ አብሬያቸው ተሳፍሬ ነበር። ጨዋ ቤተሰቦች ናቸው፣ ልጆች የያዙ። አንዲት እናት ቦታ ለቀቀችልኝ። የሚፈሩት ነገር እንዳለ ፊታቸው ላይ ይታያል። ስለ ቻይኖቹ ብቻ ሳስብ ኖሬ፣ ብዙኃኑም እንደሚፈራ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወንበር መቁጠር ለምን እንደማይበቃም የገባኝ ያኔ ነው። ቻይኖቹ የገንዘብ ሚኒስቴርን ያገኛሉ፣ የአንቀጽ 153ን ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ግን አይችሉም።

ስለ ማውራቱ። ያወራሉ፣ በደንብ። ካፌ ቁጭ ብለሽ ታክሲ ነጂ፣ አስተማሪ፣ ሁሉም ያማርራል፣ ይቀልዳል። አንቺ አድምጪ። ሰላማዊ ሰልፍ እንዳትሄጂ፤ የ2012ቱ ሕግ የመሰብሰብ መብት ለዜጋ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ቪዛሽን ያስከፍልሻል። 1969ን ራስሽ አታንሺ። አንክልን አንዴ ጠይቄው «ሆድ ይፍጀው» በሚል ዓይነት ሳቀና ወሬ ቀየረ።

አማቱ ግን ሳይናገሩ ነገሩኝ። በየምርጫው ዋዜማ አንድ ጆንያ ሩዝና አንድ ካርቶን ሰርዲን ይገዛሉ። በ1969 ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ቤት ውስጥ የሚበላ ስላልነበረ ነው። በ2018ም ገዙ። አንክል ኢፖ ድረስ ሄዶ መርጦ፣ በቀለም የጠቆረች የግራ ጣቱን እያሳየ ሌሊት ተመለሰ። ገዢው ጥምረት ከ61 ዓመት በኋላ ወደቀ። ሁላችንም እስኪነጋ መስኮት መስኮቱን እያየን ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። ምንም አልሆነም። መንገዱ ላይ ጥሩምባ የሚነፉ መኪኖች ብቻ ነበሩ። ያን ሰርዲን እስከ ነሐሴ በላነው፤ በሚጥሚጣ ሠርቼላቸው አሮጊቷ በጣም ወደዱት።